ከፊልም ወደ ዲጂታል ካሜራ

ለእንጀራው ሳይሆን ለመንፈሱ ደስታ ሲል አንድ ሙያ የሚይዝ ሰው፣ ከሙያው ጋር ያለው ግንኙነት ከባለሙያው ይለያል። ባለሙያው መሣሪያውን የሚለውጠው ገበያው ሲያስገድደው ነው። በትርፍ ጊዜው የሚሠራው ሰው ግን አስገዳጅ የለውም፤ አሮጌውን ይዞ ቢቀር የሚከሰው፣ አዲሱን ቢያነሣ የሚሾመው የለም። ስለዚህ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው በሚሻገርበት ጊዜ፣ ምን እንዳተረፈና ምን እንደጎደለበት ራሱን በነጻነት ለመጠየቅ ይችላል። ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወዱ ሰዎች በፊልም ከሚሠራው ካሜራ ወደ ዲጂታሉ ሲሻገሩ የገጠማቸው ጥያቄ ይኸው ነበር።

የፊልም አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። በአንድ ስስና ግልጽ ጥቅል ላይ፣ ጄላቲን ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን የብር ጨው ቅንጣቶች ይቀባሉ። የካሜራው የብርሃን በር ለአፍታ ተከፍቶ ብርሃን ሲነካቸው፣ በዓይን የማይታይ ለውጥ ይደርስባቸዋል። ይህ የተሰወረ ምስል የሚገለጸው ፊልሙ በኬሚካል ሲታጠብ ነው። ብርሃን አብዝቶ የነካው ሥፍራ ይጠቁራል፤ ያልነካው ግልጽ ሆኖ ይቀራል። የተገላበጠው ምስል ነጌቲቭ ይባላል። በነጌቲቩ ውስጥ ብርሃን አልፎ በወረቀት ላይ ሲታተም ግን ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩም ጥቁር ሆኖ እውነተኛው መልክ ይመለሳል። ጆርጅ ኢስትማን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1888 ኮዳክ የተባለችውን ካሜራ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ፎቶግራፍ ማንሣት የባለሙያዎች ብቻ መሆኑ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1925 ላይካ የተባለችው የጀርመን ካሜራ ለሕዝብ ከቀረበች በኋላ ደግሞ፣ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና 36 ምስል የሚይዘው ፊልም እየተስፋፋ ሄዶ የአማተሮች የዘወትር ጓደኛ ሆነ።

ዲጂታል ካሜራም ሌንስና የብርሃን በር አለው፤ ልዩነቱ ከሌንሱ በስተጀርባ ነው። በፊልሙ ቦታ ሴንሰር የሚባል ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ተተክቷል። በሰሌዳው ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እጅግ ጥቃቅን ነጥቦች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ነጥብ የደረሰውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ኤሌክትሪኩም ተለክቶ ቁጥር ይሆናል። እንግዲህ ዲጂታል ምስል ማለት በሥርዓት የተደረደረ የቁጥሮች ስብስብ ነው። ለዚህ መሠረት የሆነውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ያፈለቁት ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ሲሆኑ፣ ለዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠርቶ ያሳየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ስቲቨን ሳሰን የተባለ የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። ካሜራው 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ምስሉ 10,000 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ አንዱን ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳትም 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በፊልም ሽያጭ የሚተዳደረው ኩባንያ፣ ፊልምን የሚተካው መሣሪያ በራሱ ቤት ውስጥ ተወለደለት። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ዕዳውን ለመክፈል ባለመቻሉ በሕግ ጥላ ሥር ለመግባት ተገድዷል።

ይህ ታላቅ ለውጥ በአንድ ሰው እጅ ውስጥ እንዴት እንዳለፈ ለማየት፣ በደሴ ከተማ የሚኖሩትን የአንድ የጂኦግራፊ መምህር ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። መምህሩ በ1977 ዓ.ም. ማስተማር በጀመሩ ጊዜ፣ ከደመወዛቸው አጠራቅመው በሶቪየት ኅብረት የተሠራች አንዲት ያገለገለች ዜኒት ካሜራ ገዙ። ካሜራዋ ከባድና ጠንካራ ነበረች፤ ፊልም ግን እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው ለመምህር ደመወዝ ቀላል አልነበረም። ስለዚህ አንድ ጥቅል ፊልም ሦስት ወር ያህል ይቆያቸው ነበር። ሠላሳ ስድስቱን ምስል እንደ መንገደኛ ስንቅ ቆጥረው ይዘው፣ ቅዳሜና እሑድ በከተማው ዳርቻ ይዘዋወራሉ። ጦሳ ተራራ ጉሙን ገፍፎ እስኪታይ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ሐይቅ ሲሄዱም፣ አንዲት ታንኳ ጥሩ ብርሃን ወዳለበት ሥፍራ እስክትደርስ ረጅም ጊዜ ጠብቀው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያነሡበት ቀን ነበር። አንዳንዴም ካሜራዋን ዓይናቸው ላይ አድርገው ከቆዩ በኋላ፣ ሳያነሡ መልሰው ያወርዷታል፤ ያዩት ነገር ከሠላሳ ስድስቱ አንዱን የሚገባው ሆኖ አላገኙትምና።

ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚያጥቡት ራሳቸው ነበሩ። የቤታቸውን ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል በር በብርድ ልብስ ሸፍነው ሌሊት ይሠራሉ። ፊልሙን ማንኛውም ብርሃን ስለሚያበላሸው፣ ከመያዣው አውጥተው ወደ ማጠቢያው ዕቃ የሚያስገቡት ፍጹም ጨለማ ውስጥ በዳሰሳ ነበር። የማተሚያውን ወረቀት ግን ቀይ ብርሃን ስለማይጎዳው፣ በቀይ አምፑል ሥር ይሠሩበታል። የደሴ ሌሊት ቀዝቃዛ በመሆኑም፣ ኬሚካሉ ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡታል። ከዚያም ባዶው ነጭ ወረቀት ኬሚካሉ ውስጥ ተነክሮ ሲወዛወዝ፣ መጀመሪያ ጥላ፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ኋላም ሙሉ ፊት ብቅ ይላል። ይህን ትዕይንት ለብዙ ዓመታት ቢያዩትም አልሰለቻቸውም። ወረቀቱ ከደረቀ በኋላ በጀርባው ላይ የተነሣውን ሰው ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈው ያስቀምጡታል፤ ነጌቲቩን ደግሞ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖሩታል።

በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ፎቶ ቤቶች አንድ በአንድ ወደ አዲሱ መሣሪያ ዞሩ፤ ፊልምና ኬሚካል መፈለግ ከፎቶግራፉ ሥራ የበለጠ አድካሚ ሆነ። ይህ ችግር የአንድ ከተማ ወይም የአንድ አገር ብቻ አልነበረም። ለምሳሌ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ የቀረበው ኮዳክሮም የተባለው ዝነኛ የቀለም ፊልም እ.ኤ.አ. በ2009 እንዲቋረጥ ተወስኗል፤ እርሱን ያጥብ የነበረው የመጨረሻው ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ መቀበሉን አቁሟል። ለደሴው መምህር ለውጡ የመጣው ቀደም ብሎ ነበር። ለ2000 ዓ.ም. የሚሌኒየም በዓል ከውጭ አገር የመጣው ታናሽ ወንድማቸው አንድ ዲጂታል ካሜራ ይዞላቸው መጣ።

መምህሩ አዲሱን ካሜራ ይዘው ወደ ሐይቅ ወረዱ። ለሃያ ዓመት በላይ በአንድ ቀን ከአሥራ ሁለት ምስል አልፈው የማያውቁት ሰው፣ በዚያን ዕለት 400 ምስል አነሡ። የሚቆጠብ ፊልም፣ የሚከፈል የማጠቢያ ዋጋ አልነበረምና እጃቸው እንደ ልቡ ሠራ። ማታ በኮምፒዩተር ላይ ተቀምጠው ሲመለከቷቸው ግን ደስታቸው ቀዘቀዘ። አንዲት ታንኳ ስልሳ ጊዜ ተነሥታለች፤ ከስልሳው ምስል የምትሻለው የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት ዓይናቸው ደከመ። ሁሉም ደህና ነበሩ፤ ነገር ግን ተጠብቃ የመጣች አንዲትም አልነበረችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በሐይቁ ዳር ያልወሰኑትን ውሳኔ ሌሊት በኮምፒዩተር ፊት ሲለቅሙ አመሹ።

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠላቸው። በፊልም ጊዜ ምርጫው የሚደረገው ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ነበር። በዲጂታል ግን ምርጫው ከተጫነ በኋላ ሆነ። በፊት የሚደረገውን ምርጫ የፊልሙ ውድነት ያስገድዳል፤ በኋላ የሚደረገው ምርጫ ግን ባይደረግም የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ብዙ ሰው አይመርጥም፤ ያከማቻል እንጂ። ቀድሞ ትዕግሥትን ያስተምራቸው የነበረው ድህነት መሆኑን መምህሩ ተረዱ። አሁን ድህነቱ ሲቀር፣ ትዕግሥቱን በራሳቸው ፈቃድ ማቆየት ነበረባቸው።

ከዚህም በላይ ዓይናቸውና እጃቸው ከአዲሱ መሣሪያ ጋር እንደገና መተዋወቅ ነበረባቸው። ነጌቲቭ ፊልም ብርሃን ሲያንሰው ጥላው ውስጥ ያለው ነገር ፈጽሞ ይጠፋል፤ ሲበዛበት ግን ብዙውን ጊዜ ይታገሣል። ስለዚህ የፊልም ሰው ሲጠራጠር ጥቂት ብርሃን መጨመርን ይለምዳል። ዲጂታል ካሜራ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከሰሌዳው ነጥቦች አንዱ ሊይዝ ከሚችለው በላይ ብርሃን ከደረሰው፣ እንደሞላ እንስራ ትርፉ ይፈስሳል፤ ሥፍራው ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል እንጂ ዝርዝሩ በኋላ አይገኝም። መምህሩ ይህን የተማሩት ነጠላ የለበሱ ሴቶችን በቀትር ፀሐይ ባነሡ ጊዜ ነው። ፊታቸው በደንብ ወጣ፤ ነጠላው ግን ሽመናውም፣ እጥፋቱም፣ ጥላውም ጠፍቶ እንደ ወረቀት ነጭ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሲጠራጠሩ ብርሃን መቀነስን ለመዱ፤ በጥላው ውስጥ የተደበቀውን በኮምፒዩተር በመጠኑ ማውጣት ይቻላልና። የሌንስም ነገር እንዲሁ ነበር። የፊልሙ አንድ ምስል 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የአዲሱ ካሜራቸው ሰሌዳ 24 በ16 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። በዚህ ምክንያት የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በፊልም ካሜራ ላይ የ75 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያየውን ያህል ጠባብ ሥፍራ ብቻ ያሳያል። ለሃያ ዓመት የለመዱት ርቀት ተዛብቶባቸው ሁለትና ሦስት እርምጃ ወደኋላ መሸሽ ግድ ሆነባቸው።

ይሁን እንጂ አዲሱ ካሜራ ፊልም ሊሰጥ የማይችለውን ሰጥቷል። መምህሩ በትምህርት ቤታቸው የፎቶግራፍ ክበብ ለማቋቋም ከጥንት ጀምሮ ይመኙ ነበር፤ ለተማሪዎች የሚበቃ ፊልም መግዛት ግን የማይታሰብ ነበር። ዲጂታሉ ካሜራ ከመጣ በኋላ ሃያ ተማሪዎች በአንድ ካሜራ እየተፈራረቁ ተማሩ። አንድ ቀን አንዲት የክበቡ አባል፣

«ጋሼ፣ በፊልም ጊዜ ስሕተትዎን እንዴት ያውቁት ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ፊልሙ አልቆ ሲታጠብ ነዋ! ከሦስት ወር በኋላ» አሏት።

«ታዲያ እኛ ዕድለኞች ነን፤ ወዲያው እናየዋለን።»

«ዕድለኞች ናችሁ» አሉ መምህሩ፤ «ግን ካያችሁት ነው። ሳያዩት የሚያልፍ ብዙ ነው።»

አነጋገራቸው እውነት ነበረበት። ስሕተቱን ወዲያው አይቶ፣ ምክንያቱን መርምሮ እንደገና የሚያነሣ ተማሪ፣ የፊልም ሰው በዓመት የሚማረውን በሳምንት ይማራል። ሳይመረምር ደጋግሞ የሚጫን ግን ያንኑ ስሕተት መቶ ጊዜ ያነሣል።

ከሁሉ የከበደው ትምህርት የመጣው ግን በማንሣት ሳይሆን በማስቀመጥ በኩል ነው። መምህሩ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ያነሧቸው ወደ ሃያ ሺህ የሚጠጉ ምስሎች በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ተከማችተው ነበር። በ2007 ዓ.ም. የኮምፒዩተሩ ሃርድ ዲስክ ተበላሸ፤ ጠጋኞች ቢሞክሩትም ምስሎቹን ማውጣት ሳይቻል ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት እናታቸው ዐረፉ። በለቅሶው ላይ የሟች ፎቶግራፍ ተይዞ ስለሚለቀስ፣ ቤተ ዘመድ ሁሉ ወደ መምህሩ ዞረ። እናቲቱን በየበዓሉ፣ ቡና ሲያፈሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሲያቅፉ፣ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ አንሥተዋቸው ነበር፤ ከእነዚያ ሁሉ በእጅ የሚያዝ አንድም አልተገኘም። በመጨረሻ የብስኩቱ ቆርቆሮ ተከፈተ። በ1979 ዓ.ም. የተነሣ አንድ ጥቁርና ነጭ ነጌቲቭ ወጣ፤ እናቲቱ በደጃፋቸው ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ የሚያሳይ ነበር። በዚያን ዕለት ፊልሙ ላይ የቀረው ሁለት ምስል ብቻ ስለነበረ፣ መምህሩ እንዝርቱ መሬት ነክቶ እናታቸው ቀና እስኪሉ ጠብቀው ነበር ያነሧቸው። ፎቶ ቤቱ ነጌቲቩን በስካነር ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ፣ በሰዓታት ውስጥ አሳድጎ አተመው። የአሮጌው ዘዴ ምስል በአዲሱ ዘዴ እርዳታ ለለቅሶው ደረሰ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ፊልም ታማኝ፣ ዲጂታልም ከሃዲ ነው ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ነገር ግን ያው ቆርቆሮ ሌላም ምስክርነት ሰጥቷል። ከሥር የነበሩት ነጌቲቮች በክረምት ርጥበት ገብቶባቸው፣ ሻግተውና እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ተገኙ፤ መምህሩ ማስተማር የጀመሩበት ዓመት ምስሎች በሙሉ በዚያ ጠፍተዋል። እንግዲህ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ የሚጠፉበት መንገድ ግን ይለያያል። ነጌቲቭ ቢረሳም እንኳ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ሲበላሽም ቀስ በቀስና በከፊል ነው። ዲጂታል ምስል ከተረሳ አይቆይም፤ ሲጠፋም በአንድ ቅጽበት ሁሉም በአንድነት ይጠፋል። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ከፎቶግራፍ ላይ የሚነሣ ሌላ ፎቶግራፍ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ጥቂት ያንሳል፤ የቁጥሮች ስብስብ የሆነው ምስል ግን መቶ ጊዜ ቢገለበጥ፣ መቶኛው ከመጀመሪያው በምንም አይለይም። ይህ ፊልም ፈጽሞ ያልነበረው ሀብት ነው። በመምህሩ ላይ ለደረሰው ጉዳት ምክንያቱ ይህ ሀብት በእጃቸው ሳለ ያልተሠራበት መሆኑ ነበር። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለውም እንዲሁ ነው።

መምህሩ ዲጂታሉን ካሜራ አልተዉም፤ ወደ ጨለማ ክፍላቸውም አልተመለሱም። ነገር ግን ለራሳቸው ሦስት ሥርዓቶችን አበጁ። የመጀመሪያው፣ በሦስት ወር ውስጥ ካነሡት ሁሉ ሠላሳ ስድስት ምስል ብቻ መርጠው ማስቀረት ነው፤ ቁጥሩን የሚወስንላቸው ፊልም ባይኖርም፣ በፈቃዳቸው ወሰኑት። ሁለተኛው፣ የተመረጡትን በሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎች ላይ ቀድተው አንዱን በቤታቸው፣ ሌላውን በእኅታቸው ቤት ማኖር ነው፤ በአንዱ ቤት እሳት ወይም ውሃ ቢደርስ ሌላው እንዲተርፍ። ሦስተኛው፣ ከሠላሳ ስድስቱ ጥቂቶቹን በወረቀት አሳትመው እንደ ቀድሞው በጀርባቸው ስም መጻፍ ነው። ዲጂታል ካሜራ ምስሉ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት በትክክል ይመዘግባል፤ የተነሣው ሰው ማን እንደነበር ግን አያውቅም። ያንን የሚያውቅ ሰው ካልጻፈው፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ምስሉን የሚያገኝ የልጅ ልጅ የማያውቀውን ሰው ፊት ይዞ ይቀራል።

በዛሬው ጊዜ ካሜራ ለመያዝ ካሜራ መግዛት አያስፈልግም፤ ስልክ የያዘ ሁሉ ካሜራ ይዟል። በሌላ በኩል በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ወጣቶች ወደ ፊልም ሲመለሱ ይታያል፤ ተቋርጦ የነበረው ኤክታክሮም የተባለው የቀለም ፊልምም እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገና ለገበያ ቀርቧል። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ከፊልም የሚሹት የቁጥሩን ማነስና የመጠበቁን ጊዜ ነው። ሆኖም እነዚህን ለማግኘት የግድ ፊልም አያስፈልግም። መሣሪያ ሲሻሻል የሰውን ድካም ይቀንስለታል፤ ቀድሞ በችግር ምክንያት ያደርገው የነበረውን መልካም ነገር ግን አብሮ ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ የሚቀበል ሰው፣ አሮጌው መሣሪያ ያስገድደው ከነበረው ነገር የትኛውን በፈቃዱ እንደሚያቆይ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። በስልክ ውስጥ ተከማችተው ከሚገኙት በሺህ የሚቆጠሩ ምስሎች መካከል፣ አንድ ቀን ቤተሰብ የሚፈልገው ምናልባት አንዱን ብቻ ነው። ያን አንዱን ዛሬ መርጦ፣ ስሙን ጽፎ፣ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።